ስለ መድኃኒቱ ስንከራከር የረሳነው ኖዝል

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

የርጭት ወቅት በተቃረበ ቁጥር ከልማት ጣቢያዎችና ከኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ ስለ መድኃኒት ናቸው። የትኛው ጸረ-አረም ይሻላል? የአንዱ ሊትር ዋጋ ከሌላው ለምን በለጠ? ባለፈው ዓመት የገዛነው አረሙን ሳይገድል የቀረው ተበርዞ ይሆን? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ እኛም በምናውቀው መጠን እንመልሳለን። ይሁን እንጂ «ለዚህ ሥራ በመርጫው ጫፍ ላይ የትኛውን ኖዝል እንግጠም?» ብለው የጠየቁን ማኅበራት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የተረሳ ጥያቄ ከዋጋው ጥያቄ እኩል ሊነሳ የሚገባው መሆኑን ማሳሰብ ነው።

በልማድ መድኃኒት እንለዋለን እንጂ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው መርዝ ነው። የመርዝ ጥቅሙም ጉዳቱም የሚለካው በሚያርፍበት ቦታና በሚያርፈው መጠን ነው። ይህን የሚወስነው ደግሞ ከመርጫው ዕቃዎች ሁሉ በዋጋ ከዝቅተኞቹ የሚቆጠረው ኖዝል ነው። ማጠራቀሚያው ፈሳሹን ይይዛል፤ የፓምፑ እጀታ ይገፋዋል፤ ቱቦውና ዘንጉ ያደርሱታል። ፈሳሹ በደቂቃ ምን ያህል እንደሚወጣ፣ ጠብታው ደቃቅ ወይም ትልቅ እንደሚሆን፣ ሲወጣም ምን ቅርጽ ይዞ እንደሚዘረጋ የሚወሰነው ግን በኖዝሉ ቀዳዳ ነው።

አስተያየታችንን አስቀድመን በግልጽ እናስቀምጥ። ኖዝሉን ሳይመርጥና ሳይለካ መድኃኒት የሚገዛ ማኅበር የአባሎቹን ገንዘብ የት እንደሚወድቅ ሳያውቅ ያወጣል። ስለዚህም ማንኛውም መርጫ አንድ ኖዝል ብቻ ተገጥሞለት ከማኅበር መጋዘን መውጣት የለበትም እንላለን። ይህን የምንልበትን ምክንያት ከዚህ በታች እንዘረዝራለን።

የስንዴውና የባቄላው ክርክር

በአንድ ወረዳ ያጋጠመንን እንጥቀስ። በተዳፋት ላይ የሚገኝ የስንዴ ማሳ ቅጠለ-ሰፊ አረም በዝቶበት ቱ-ፎር-ዲ ተረጨበት። ከማሳው በታች የጎረቤት ባቄላ ነበር። መርጫውን ያዘለው በቀን ሒሳብ የተቀጠረ ወጣት ሲሆን፣ በመርጫው ጫፍ ላይ የነበረው ከፋብሪካው ጋር የመጣው በጣት የሚጠመዘዝ ኖዝል ነው። ወጣቱ ኖዝሉን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ፈሳሹን እንደ ጉም አደቀቀው። «ሲደቅ ሁሉንም ያዳርሳል፤ መድኃኒትም ይቆጥባል» ተብሎ ተነግሮት ነበር። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ነፋሱም ተነስቷል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የባቄላው ጫፍ ተጠማዘዘ፤ ግንዱም ጎበጠ። በስንዴው ውስጥ ደግሞ አረሙ በአንዳንድ መስመር ሞቶ በሌላው መስመር እንደቆመ ቀረ። የባቄላው ባለቤት «ሆን ብሎ አቃጠለብኝ» ሲል ከሰሰ፤ የስንዴው ባለቤት «የተበላሸ መድኃኒት ነው የሸጣችሁልኝ» ሲል ማኅበሩን ከሰሰ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኛም በመድኃኒቱ ላይ ፍርድ እንድንሰጥ ተጠራን።

መድኃኒቱ ደህና ነበር። የተቀላቀለው መጠንም በጽሑፉ ላይ የታዘዘው ነው። ክፋትም አልነበረም። ለስንዴው የታሰበው መርዝ ከፊሉ በነፋስ ተወስዶ ባቄላው ላይ አርፏል፤ ነገሩ ይኸው ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባላል፤ በዚህ ማሳ ላይ የተቀደደው በአያያዝ ነበር። ሁለቱ ጎረቤታሞች ግን ያን ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ከረሙ። እንዲህ ያለው ጉዳት በኩንታል ብቻ የሚቆጠር አይደለም።

ጠብታው ለምን ያመልጣል?

የጠብታ መጠን የሚለካው በማይክሮን ነው። 1,000 ማይክሮን 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 400 ማይክሮን ስፋት ያለው አንድ ጠብታ የሚይዘው ፈሳሽ ባለ 100 ማይክሮን ጠብታዎች ተደርጎ ቢከፋፈል 64 ጠብታ ይወጣዋል። ጉም የመሰለው ርጭት ሁሉን የሚያዳርስ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁጥሩ በእርግጥም ይበዛል።

ነገር ግን ደቃቅ ጠብታ ቀላል ነው። ነፋስ በሌለበት አየር 400 ማይክሮን የሆነው ጠብታ ከ3 ሜትር ከፍታ መሬት ለመድረስ 2 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ 100 ማይክሮን የሆነው ግን 11 ሰከንድ ያህል በአየር ላይ ይቆያል። ከዚያ ያነሰው ደግሞ ደቂቃዎች ሊፈጅበት ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነፋስ ወደ ፈለገበት ይወስደዋል፤ ፀሐይ ከበረታችም ውሃው ተንኖ ጠብታው ይበልጥ ያንሳል። ወደ ጎረቤት ማሳ፣ ወደ ንብ ቀፎ፣ ወደ ምንጭ፣ ወደ ረጪው ፊትና ሳንባ የሚሄደው ይኸው ደቃቁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ፈሳሹ አነሰ ሲባል ረጪው እጀታውን በኃይል ይገፋል። ይሁን እንጂ ከአንድ ኖዝል የሚወጣውን ፈሳሽ እጥፍ ለማድረግ ግፊቱን 4 እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። ስለዚህ በጉልበት የሚገኘው ተጨማሪ ፈሳሽ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ጉሙ ነው። ብዙ ፈሳሽ የሚያስፈልግ ከሆነ መለወጥ ያለበት ኖዝሉ ነው።

ለየትኛው ሥራ የትኛው ኖዝል?

ሀ) ማራገቢያ ኖዝል። ቀዳዳው ሞላላ ሲሆን ፈሳሹ እንደ ማራገቢያ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል። በበቀለ ሰብል ውስጥ ለሚረጭ ጸረ-አረም፣ ማለትም ለስንዴ፣ ለገብስና ለጤፍ፣ የምንመርጠው ይህንን ነው። ርጭቱ በመሐል ወፈር ብሎ ወደ ዳሮቹ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ አንዱ መስመር በሌላው ዳር ላይ መደረብ አለበት። 110 ዲግሪ የሚከፈተው ዓይነት ከሰብሉ በላይ በ50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲያዝ 1 ሜትር ከ40 ያህል ይሸፍናል፤ መስመሮቹን በ1 ሜትር ርቀት ብንይዝ መደራረቡ በቂ ይሆናል። ለጸረ-አረም ግፊቱ ለዘብ ያለ፣ ከ1 እስከ 2 ባር ቢሆን ይመረጣል።

ለ) ተጋጭቶ የሚረጭ ኖዝል። ፈሳሹ ከቀዳዳው ወጥቶ ከትንሽ ገበታ ጋር በመጋጨት በሰፊው ይዘረጋል። በ1 ባር ገደማ ዝቅተኛ ግፊት ይሠራል፤ ጠብታው ትልቅ ነው፤ ቀዳዳውም ሰፊ ስለሆነ በቀላሉ አይደፈንም። ሰብል ከመብቀሉ በፊት በአፈር ላይ ለሚረጭ ጸረ-አረምና እንደ ግላይፎሴት ላሉ ሁሉን ገዳይ መድኃኒቶች ተስማሚ ነው። ጥርት ያለ ውሃ በማይገኝበት ቦታ ይህ ኖዝል የብዙ ሰዓት ድካም ይቀንሳል።

ሐ) ኮን ኖዝል። ፈሳሹ በውስጡ እየተሽከረከረ ወጥቶ እንደ ባዶ ቀፎ ክብ ይሠራል። ጠብታው ደቃቅ ሆኖ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ በቅጠል መካከልና ሥር ይገባል። ለጸረ-ነፍሳትና ለጸረ-ፈንገስ፣ በተለይም ለቲማቲም፣ ለድንችና ለበርበሬ ቅጠል፣ በ3 ባር ገደማ ግፊት እንጠቀምበታለን። ለጸረ-አረም ግን አይሆንም፤ ባቄላውን ያቃጠለው ርጭት የዚህ ዓይነት ነበር።

መ) እኩል ማራገቢያ ኖዝል። መልኩ ማራገቢያውን ቢመስልም ከዳር እስከ ዳር የሚጥለው ፈሳሽ እኩል ነው። ስለዚህ ሳይደረብ ለብቻው በአንድ ጥብጣብ ላይ ለመርጨትና ለግድግዳ ይውላል። ወደ መጋዘኑ ጉዳይ ስንመጣ እንመለስበታለን።

ሠ) ተጠምዛዥ ኖዝል። ከብዙዎቹ መርጫዎች ጋር የሚመጣው ይህ ነው። ሲጠብቅ ጉም፣ ሲላላ ቀጥ ያለ የውሃ ጅራፍ ይሆናል። በእያንዳንዱ ጥምዘዛ የሚወጣው መጠንና ቅርጽ ስለሚለዋወጥ ትናንት የለካነው ዛሬ አይሠራም። ጠብ ያለ ፈሳሽ ወደ በቆሎ እምብርት ለማንቆርቆር ወይም አንድ ቁጥቋጦ ለመምታት ሊያገለግል ይችላል። በሰፊ ማሳ ላይ ጸረ-አረም ለመርጨት ግን አንመክረውም። ከመርጫው ጋር በነጻ መምጣቱ ለሥራው ተስማሚ ነው ማለት አይደለም።

በኖዝሉ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?

ጥሩ ኖዝል ስሙን በጀርባው ይዞ ይመጣል። ለምሳሌ 110-03 ቢል፣ 110 የሚከፈትበት ዲግሪ ሲሆን 03 የሚወጣውን መጠን ያመለክታል። ዓለም አቀፉን ደረጃ በሚከተሉ ፋብሪካዎች ዘንድ መጠኑ በቀለምም ይታወቃል፤ 01 ብርቱካንማ፣ 015 አረንጓዴ፣ 02 ቢጫ፣ 03 ሰማያዊ፣ 04 ቀይ ነው። በ3 ባር ግፊት በደቂቃ 01 ወደ 0.4 ሊትር፣ 02 ወደ 0.8 ሊትር፣ 03 ወደ 1.2 ሊትር፣ 04 ወደ 1.6 ሊትር ይሰጣሉ። ግፊቱ ሲቀንስ መጠኑም ይቀንሳል።

ደረጃውን ያልጠበቁ ፕላስቲክ ኖዝሎችም በዚሁ ቀለም ተቀብተው ሊሸጡ ይችላሉ። ስለሆነም ቀለም ለመግዣ ይረዳል፤ ለመርጨት ግን መለካት ያስፈልጋል።

በጆግና በሰዓት መለካት

ልኬቱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ምልክት ያለው ጆግ፣ ሜትርና ሰዓት ይበቃል። የእጅ ስልክ ያለው ሰው ሰዓትም አለው።

በመጀመሪያ መርጫውን በንጹሕ ውሃ ሞልተን፣ በሥራ ላይ በምንገፋበት አኳኋን እየገፋን ለ1 ደቂቃ ወደ ጆግ እንረጫለን። 1.2 ሊትር ወጣ እንበል። ቀጥሎም ኖዝሉን በሥራው ከፍታ ይዘን በደረቅ መሬት ላይ በመርጨት መስመሮቹ በምን ርቀት እንደሚያዙ እንወስናለን፤ 1 ሜትር ይሁን። በመጨረሻም መርጫውን አዝለን በማሳው ላይ ለ1 ደቂቃ በተለመደው እርምጃ እንሄዳለን፤ 60 ሜትር ተጓዝን እንበል። እንግዲህ በ1 ደቂቃ 60 ካሬ ሜትር ላይ 1.2 ሊትር አዋልን ማለት ነው። ይህም በሄክታር 200 ሊትር ይሆናል።

መርጫው 20 ሊትር የሚይዝ ከሆነ አንድ መርጫ ሙሉ 1,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ለሄክታር 10 መርጫ ያስፈልጋል። 4 ጥማድ ለአንድ ሄክታር በሚቆጠርበት አካባቢ ለአንድ ጥማድ ሁለት መርጫ ተኩል ይሆናል። በመድኃኒቱ ላይ የታዘዘው በሄክታር 1 ሊትር ቢሆን በየመርጫው 100 ሚሊ ሊትር ይጨመራል። 16 ሊትር ለሚይዘው መርጫ ደግሞ 80 ሚሊ ሊትር ነው።

አሁን ኖዝሉ አርጅቶ ቀዳዳው ቢሰፋና በደቂቃ 1.5 ሊትር ቢያወጣ ምን ይሆናል? ርጭቱ በሄክታር 250 ሊትር ይደርሳል። ረጪው እንደ ልማዱ በየ20 ሊትሩ 100 ሚሊ ሊትር ከጨመረ በሄክታር የሚያርፈው 1 ሊትር ከሩብ ነው። ከየ4 ሄክታሩ 1 ሊትር መድኃኒት በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው። ይህ ገንዘብ የአዲስ ኖዝል ዋጋን ብዙ ጊዜ ይመልሳል። ከአዲሱ ልክ ከ10 በመቶ በላይ የሚያፈስ ኖዝል መጣል አለበት የሚባለውም ስለዚህ ነው።

በአንድ ወቅት የአንድ ማኅበርን መርጫዎች በመስመር አሰልፈን እያንዳንዱን ለ1 ደቂቃ ወደ ጆግ አስረጭተን ነበር። እኩል የለካ ሁለት መርጫ አላገኘንም። ሁሉም ግን መድኃኒቱን የሚቀላቅሉት በአንድ ቆርኪ ልክ ነበር።

በዚህ ረገድ እኛ ተመራማሪዎችም ከወቀሳ ነጻ አይደለንም። «በሄክታር 200 ሊትር ውሃ» ብለን ጽፈን፣ ከየትኛው ኖዝል፣ በየትኛው እርምጃ የሚለውን ሳንጨምር ያወጣነው ጽሑፍ ጥቂት አይደለም። በሙከራ ማሳችን የሚረጨው በተለካ ኖዝል ነው፤ ለገበሬው የላክነው ግን ውጤቱን ብቻ ነበር። የልማት ሠራተኛው «የእናንተ ምክር በማሳ ላይ አይሠራም» ሲለን ከመቆጣታችን በፊት የጎደለውን ማሰብ ይገባን ነበር።

ስለ መጋዘን ግድግዳ

አዲስ እህል ከመግባቱ በፊት ባዶውን መጋዘን ጠርጎ ግድግዳውን መርጨት ነቀዝን ከመከላከያ መንገዶች አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው ግን ማሳ ላይ የዋለው ተጠምዛዥ ኖዝል እንዳለ ወደ መጋዘን ሲገባ ነው። ፈሳሹ በአንዱ ቦታ እንደ ጅረት ይወርዳል፤ በሌላው ቦታ ግድግዳው ደረቅ ይቀራል፤ ነቀዙም ደረቁን ስንጥቅ ይመርጣል።

ለግድግዳ የሚሆነው ከላይ በመ) የጠቀስነው እኩል ማራገቢያ ነው። የወባ ቤት ርጭት ሠራተኞችን ያየ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። የሚጠቀሙበት ኖዝል 80 ዲግሪ የሚከፈት ባለ 02 ቁጥር እኩል ማራገቢያ ሲሆን፣ በ2.8 ባር ገደማ በደቂቃ 0.76 ሊትር ያህል ይሰጣል። ከግድግዳው 45 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲያዝ 75 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይሸፍናል፤ ጥብጣቦቹ በ5 ሳንቲ ሜትር ይደረባሉ። አንዱን ሜትር በ2.2 ሰከንድ፣ ወይም በደቂቃ 19 ካሬ ሜትር ቢሄዱ በየካሬ ሜትሩ 40 ሚሊ ሊትር ያርፋል፤ ግድግዳው ይረጥባል እንጂ አይፈስም።

ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ መጋዘን 96 ካሬ ሜትር ግድግዳ አለው። በዚህ አሠራር ርጭቱ ራሱ 5 ደቂቃ ያህል ሲፈጅ የሚያስፈልገው ፈሳሽ 4 ሊትር አይሞላም። ይሁንና ከወባ ሠራተኞች የምንወስደው የአረጫጨቱን ዘዴ ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ለእህል መጋዘን የተመዘገበ መሆን አለበት። ጸረ-አረም የተረጨበት መርጫም ወደ መጋዘን አይግባ። በእህልና በከረጢት ላይም አይረጭ።

ለሚነሱ ተቃውሞዎች

አንደኛ፣ «ኖዝሉ በገበያ አይገኝም» ይባላል። በብዙ ወረዳዎች ይህ እውነት ነው። የማይገኝበት አንዱ ምክንያት ግን የሚጠይቅ መታጣቱ ነው። አንድ ገበሬ አንድ ኖዝል ፍለጋ ከተማ ቢወጣ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ዩኒየን የአባል ማኅበራቱን ፍላጎት ሰብስቦ ከመርጫና ከመድኃኒት ግዥ ጋር አብሮ ቢያዝዝ ግን አቅራቢው ያመጣል። የኅብረት ሥራ ጥቅሙ እዚህ ላይ ካልታየ የት ይታያል?

ሁለተኛ፣ «ገበሬው መርጫ የለውም፤ የሚረጩለት ቅጥረኞች ናቸው» ይባላል። ይህ ደግሞ የእኛን ሐሳብ ያጠናክራል። በአንድ ቀበሌ የሚረጩት ወጣቶች ጥቂት ከሆኑ እነርሱን በአንድ ቀን ማሠልጠን ይቻላል። መርዙ በመጀመሪያ የሚደርሰውም በእነርሱ ላይ ነው። የተደፈነ ኖዝል በአፉ የሚነፋ፣ ያለ ጓንትና ያለ ቦቲ የሚረጭ ወጣት ስናይ፣ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነው ማለት አንችልም። ለስላሳ ብሩሽና መለዋወጫ ኖዝል ሳንሰጥ ሥራ አዝዘነዋልና።

ሦስተኛ፣ «ተባይ ሲነሳ ይህን ሁሉ ለመምረጥ ጊዜ የለም» ይባላል። ትክክል ነው፤ ስለዚህም አስቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል። በ2003 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ኩብሳን፣ በ2006 ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉን የመታበትን ጊዜ የስንዴ አካባቢ ሰዎች አይረሱትም። በ2009 ዓ.ም. መጤው ተምች ወደ በቆሎ ማሳችን ገባ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉም የሚሯሯጠው መድኃኒት ለማግኘት ነው። ዋግን የሚከላከለው ጸረ-ፈንገስ ቅጠሉን በደንብ ማዳረስ አለበት፤ ለተምቹ ደግሞ ፈሳሹ ትሉ ወደሚደበቅበት የበቆሎ እምብርት መግባት አለበት። መርጫው ላይ ያለው የጸረ-አረም ኖዝል ከሆነ በጭንቀት የተገኘው መድኃኒት ግማሽ ሥራ ይሠራል። በመጋዘን የተቀመጠ ኮን ኖዝል ግን በ1 ደቂቃ ይገጠማል።

አራተኛ፣ «ጠንከር ያለ መድኃኒት ብናገኝ ይህ ሁሉ አያስፈልግም» የሚሉ አሉ። በዚህ አንስማማም። የበረታ መድኃኒት በመጥፎ ኖዝል ሲረጭ የሚበረታው ጉዳቱ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የጸረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 መድኃኒቱ ከመሸጡ በፊት ተመርምሮ እንዲመዘገብ ደንግጓል። ምዝገባው ግን የሚጠብቀን በታዘዘው መጠንና አኳኋን እስከ ረጨን ድረስ ነው።

ማኅበራት ምን ያድርጉ?

1. ለእያንዳንዱ መርጫ ቢያንስ ሦስት ኖዝል ይግዙ፤ ለጸረ-አረም ማራገቢያ ወይም ተጋጭቶ የሚረጭ፣ ለጸረ-ነፍሳትና ለጸረ-ፈንገስ ኮን፣ ለመጋዘን እኩል ማራገቢያ። አቅም ከሌለ በጸረ-አረሙ ይጀመር፤ ወደ ጎረቤት ሰብል ሄዶ ብዙ ጊዜ የሚያጣላው እርሱ ነውና።

2. ነሐስ ቶሎ ይበላል። አይዝጌ ብረት፣ ጥሩ ፕላስቲክና ሴራሚክ ይበልጥ ይቆያሉ። የዋጋ ንጽጽሩ የአገልግሎት ዘመኑንም ይጨምር።

3. መርጫዎች በሙሉ ከርጭት ወቅት በፊት በአንድ ቀን ተሰብስበው በጆግ ይለኩ። ውጤቱ በመዝገብ ይጻፍ፤ በየመርጫው ጀርባም በማይለቅ ቀለም «በደቂቃ ይህን ያህል» ተብሎ ይመልከት። በሚቀጥለው ዓመት ልዩነቱ ይታወቃል።

4. የተደፈነ ኖዝል በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳ። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። በሽቦ፣ በመርፌ ወይም በእሾህ መውጋት ቀዳዳውን ያበላሻል፤ በአፍ መንፋት መርዙን ያስውጣል። የመርጫው ማጣሪያ ወንፊት ሳይኖር አይረጭ፤ ውሃውም በጨርቅ ተጠልሎ ይግባ።

5. ርጭት በማለዳ ይሁን። ቅጠል የሚያወዛውዝ እንጂ ቅርንጫፍ የሚያንቀሳቅስ ነፋስ አይኑር። ነፋሱ ወደ ባቄላ፣ ወደ ሽምብራ፣ ወደ ምስር፣ ወደ ኑግ ወይም ወደ አትክልት የሚነፍስ ከሆነ የዚያ ቀን ርጭት ይቅር። ዘንጉም ግራና ቀኝ አይወዛወዝ፤ በአንድ ከፍታ ጸንቶ ይያዝ።

ከኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን። በዚህ ወቅት «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚል ገበሬ ሲመጣ፣ ስለ መድኃኒቱ ከመመለሳችሁ በፊት መርጫውን አስመጡና 1 ደቂቃ ወደ ጆግ አስረጩት። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ሆኖ ከተገኘ፣ ልኬታችሁን ይዛችሁ ለሻጩም ለእኛም ጻፉ፤ ያን ጊዜ ክርክሩ በማስረጃ ይሆናል። ጥፋቱ የኖዝሉ ሆኖ ከተገኘ ግን በጥቂት ገንዘብና በአንድ ጆግ የሚታረም ነገር ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያኳርፍ አይገባም ነበር።